ተቆጣጣሪ የማትፈልግ ሴት

በጁባው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከእኔ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ካለ እስካሁን አላየሁትም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል። የኡስታዝ ፒቲያን የእህል መጋዘን ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከጆንያ ምስር የቀነሰ ጫኝ ገና ከበሩ ሲገባ ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ። አረብኛዬ የጁባ ነው፣ እንግሊዝኛዬ የገበያ ነው፣ አማርኛዬ የመርካቶ ነው። ሦስቱም ለንግድ ይበቁኛል። ደንበኛ ሲመጣ «ኢታ ደሩ ሹኑ?» እለዋለሁ፤ ምን ትፈልጋለህ ማለት ነው። የፈለገውን ይነግረኛል፣ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል። እስከ ባለፈው ወር ድረስ መፈለግ ማለት ለእኔ ይኸው ነበር።

ኡስታዝ ፒቲያ የዚሁ የጁባ ሰው ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። መጋዘኑን ከመክፈታቸው በፊት ካቶር ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ ኡስታዝ የሚባሉትም ለዚህ ነው። ዛሬም ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ይቀመጡና የመኪናውን፣ የሱቁን፣ የፖስተሩን ጽሑፍ ስህተት ሲለቅሙ ይውላሉ። ሙገሳ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ክረምት ጎርፍ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጫኞቹን በቁጣዬም በልምምጤም አሰልፌ ሁለት መቶ ጆንያ ከውኃው አፍ አወጣሁ። መጡና ግራ ቀኙን አይተው «ኩዌስ» አሉኝ። ደህና ነው ማለታቸው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንዲት «ኩዌስ»።

ልጄ ጀንነት አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ናት። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ጥያት መጣሁ፣ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ሌላ ልጆች ወልዷል፤ እሱን ተዉት። እኔ የምኖረው ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የባቄላ። እዚያ ሴት ልጅ አምጥቼ ላሳድግ ብል እናቴም አትሰጠኝ፣ እኔም አልጨክን። እናም ኮር ዊሊያም ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ የሐበሻ የግንባታ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ እንደሚቀጥር ስሰማ፣ ከደመወዙ በፊት የጠየቅሁት ስለ ቤቱ ነበር። በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ይሰጣል፣ ውኃ አለው፣ በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ያን ዕለት በልቤ የጀንነትን አልጋ የት እንደማደርገው ወስኜ አደርኩ።

ማመልከቻው ላይ አንድ እሾህ ነበረበት። አሁን የምትሠራበት ቤት አሠሪ የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፍ ይላል። ልሂድብዎት ነውና እባክዎ መንገዱን ይጥረጉልኝ ብሎ እንደ መለመን ነው። እኔ ደፋር ነኝ፤ ያንን ለመናገር ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኡስታዝ ሰምተው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን በቀለም ብዕር የተጻፈ ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ።

«እንዳትከፍቺው» አሉኝ። «እውነቱን ነው የጻፍኩት። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው።»

አልከፈትኩትም። እንደታሸገ ወስጄ አስረከብኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ የጠራኝ የለም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ሺፋ፣ ቅመም የምትሸጠው፣ የሚጥሚጣ እጇን እያራገፈች መጣች። የጁባን ወሬ ከሬዲዮ ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት።

«ነጅዋ፣ ያ ድርጅት እኮ አራት ሰው ጠርቶ ፈትኗል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስም ዝርዝሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይገባል አሉ።»

«አራቱ እነማን ናቸው?»

«አንዱ ፌሮ ከሚስማር የማይለይ ነው፤ የቀሩትን አላውቅም።»

ሂጃቤን አስተካክዬ ቦዳቦዳ አስቆምኩ። ሞተሩ ኮር ዊሊያም ሲያደርሰኝ አራት ሰዓት አልሞላም ነበር።

የሠራተኛ አስተዳደሩን አቶ ይልማን አውቃቸዋለሁ፤ በጾም ምስራቸውን ከእኛ ነው የሚወስዱት። ሲያዩኝ ፊታቸው ቅጭም አለ። ወንበር ሰጡኝ፣ በሩን ዘጉ።

«አቶ ይልማ፣ ስሜን የሰረዙት አይተውኝ ነው ሳያዩኝ?»

«ነጅዋ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኔ አንቺን ለማስገባት ነበር የፈለግሁት። ግን ደብዳቤው አበላሸሽ። እዚህ ቤት ሐበሻ ለሐበሻ ያዳላል እየተባለ ይታማል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዤ ላስገባሽ ብል ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ምን ይላል?»

ከፋይሉ አውጥተው መነጽራቸውን ሰኩ። አቶ ይልማ በእንግሊዝኛቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ሲያነቡ ድምፃቸው ራሱ ይቀየራል። «ነጅዋ ዎንትስ ኖ ሱፐርቪዥን» አሉ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለሱልኝ። «ነጅዋ ተቆጣጣሪ አትፈልግም።»

ጣታቸው ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።

«ሺ ዎንትስ ኖ ቴሊንግ። እንዲነግሯትም አትፈልግም። እንግዲህ የገዛ አሠሪሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረሽው የሠራሽ ሰው፣ አትታዘዝም፣ ምክር አትሰማም እያለ…»

ደሜ ፈላ። አንቱታውም ያኔ ጠፋኝ። «ይልማ፣ አንተ ተቆጣጣሪ የሚፈልግ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ማነው ጀርባው ላይ ሰው ቆሞበት ደስ የሚለው?»

«ይኸው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ራስሽ አረጋገጥሽው።»

ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ልነሳ ስል አቶ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው መስኮቱ ላይ ተከሉት።

«ሌላም አለ። መጨረሻው ላይ። ባላነበው ይሻለኝ ነበር።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። «ያንብቡት» አልኳቸው።

«አይ ሻል ዎንት ሄር ይላል። እፈልጋታለሁ። ሰውየው… እኔ እንጃ፣ ምን ለማለት እንደፈለጉ። ለእኔ ግን ሽማግሌ ሰው ስለ ሠራተኛው እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ደስ አይልም።»

ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ ሁለቱ አፌ ላይ ተጋፉ። ኡስታዝ ፒቲያ ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ የሚፈልጉት ነገር ቢኖር መነጽራቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ነኝ ግንባራቸው ላይ የማገኝላቸው። እኚህን ሰው በዚህ መጠርጠር ወላሂ ኃጢአት ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን ተቀብዬ አየሁት። የእሳቸው ጽሕፈት ነው። ዎንት የምትለዋን ቃል እኔም አውቃታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ነጮቹ ደንበኞቼ «አይ ዎንት» ሲሉኝ ነው የምውለው። ሦስት ጊዜ ተጽፋለች።

«ይህን ደብዳቤ ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ» አልኩ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም።»

ቦዳቦዳው ላይ አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ? የተጠራጠርኩት አቶ ይልማን ሳይሆን ኡስታዝን ነበር። ምናልባት እንዳልሄድባቸው ብለው አውቀው ነው ያበላሹት፤ ምናልባት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልባቸው አትሰማም፣ አትታዘዝም ሲሉኝ ኖረዋል። ነጂው ዞር ብሎ ሲያየኝ አቧራ ነው አልኩት። እሱም የጁባ ሰው ነውና አቧራ መሆኑን አመነኝ።

ኡስታዝ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው አንድ ጆንያ ማሽላ ሲመዝኑ ደረስኩ። ደብዳቤውን ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኡስታዝ፣ ምን በደልኩዎት?» አልኳቸው በጁባ አረብኛ። «ምንድን ነው ከእኔ የሚፈልጉት?»

ደብዳቤውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ማን አነበበልሽ?»

«ዲግሪ ያለው ሐበሻ።»

«ምን አለሽ?»

ነገርኳቸው። ተቆጣጣሪ አትፈልግም፣ እንዲነግሯት አትፈልግም። ሦስተኛውን ለመናገር አፈርኩ፤ በጣቴ ብቻ አሳየኋቸው። ኡስታዝ ደብዳቤውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ሲስቁ ሳይ ሁለተኛዬ ነው።

«ነይ» አሉኝ። «ሚዛኑን አንብቢ።»

«ዘጠና ስምንት ኪሎ።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«መቶ።»

«ታዲያ በእኔ ጊዜ እንግሊዝኛ ስናስተምር ይሄ ጆንያ ሁለት ኪሎ ዎንት ያደርጋል እንላለን። አሁን ልጠይቅሽ፤ ጆንያ ይፈልጋል እንዴ? ጆንያ ምን ልብ አለው?»

«አይፈልግም። ጎደለው እንጂ።»

«ጎደለው። ይህች ቃል ስትፈጠር ትርጉሟ ይኼ ነበር። መመኘት በኋላ የመጣ ነው። ሰው የሚመኘው የጎደለውን ስለሆነ ቀስ በቀስ አንዷ ቃል ሁለቱንም ተሸከመች። የዛሬ ልጆች ኋለኛውን ይዘው ፊተኛውን ጣሉት።»

ደብዳቤውን አንስቼ እንደገና አየሁት። ነጅዋ ቁጥጥር አትፈልግም ሳይሆን ቁጥጥር አያስፈልጋትም። እንዲነግሯት አትፈልግም ሳይሆን ሳይነግሯት ታውቃለች። አትፈልግም እና አያስፈልጋትም፤ በአማርኛ እንኳ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ በሁለቱ መካከል ግን የእኔ ሁለት ክፍል ቤት ተንጠልጥሏል። የዓመታት ሙገሳ ባንድ ወረቀት ላይ ተጽፎልኝ ሳለ ስድብ መስሎኝ ሳለቅስ መጣሁ። ደስታው እስከ እግሬ ጥፍር ወረደ።

«ሦስተኛውስ?» አልኩ።

«እሱን ተይው» አሉና መነጽራቸውን ይፈልጉ ጀመር። ግንባራቸው ላይ ነበር።

ሰዓቱ ይሮጣል። «እንግዲያው ሌላ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «ማስፈለግን ኒድ ይበሉት። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኒድ ነው። አንድ ቃል መቀየር ምን ይጎዳዎታል?»

«አልቀይርም።»

«ኡስታዝ!»

«ሠላሳ ዓመት የተሳሳተውን ሳርም ኖሬያለሁ። ትክክለኛውን ማረም አልችልበትም።»

ግትር ናቸው፤ እኔ ግትር ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሚዛኑ መሀላችን ቆሞ ተፋጠጥን። ተናድጄ ልናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ባርኔጣቸውን ከምስማሩ ላይ አነሱ።

«ያላ፣ ኒና ሩዋ» አሉ። እንሂድ ማለታቸው ነው። ኡስታዝ ፒቲያ ከሰፈራቸው፣ ከመጋዘኑና ከቤተ ክርስቲያናቸው ውጪ የትም ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል። መጋዘኑን ለሺፋ አደራ ብዬ በእኛ ባጃጅ የሚባለውን ራክሻ ጠራሁ።

ሽማግሌው በባርኔጣቸውና በከዘራቸው ቢሮው ሲገቡ አቶ ይልማ ሳያስቡት ብድግ አሉ። ኡስታዝ ተቀመጥ እስኪሏቸው አልተቀመጡም፤ መምህር ክፍል ሲገባ ሁሉም ሰው ተማሪ ይሆናል መሰለኝ። በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። እኔ የተረዳሁት ግማሹን ነው፤ ጆንያውንና ሁለቱን ኪሎ ግን ለየሁ። አቶ ይልማ ስልካቸውን አውጥተው መዝገበ ቃላት ከፈቱ፣ በጣታቸው ወደ ታች ገፉ፣ ገፉ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ።

«አለ» አሉ በአማርኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባይታወቅም። «አራተኛው ትርጉም ላይ አለ። ግን ይኼ ድሮ የቀረ እንግሊዝኛ ነው።»

ለኡስታዝ ተረጎምኩላቸው። ኡስታዝም «እኔም ድሮ የቀረሁ ነኝ» አሉ። «ይኸው ግን ፊትህ ተቀምጫለሁ።»

አቶ ይልማን አመሰግናቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን ለመሸፈን ሌላ ሰበብ ይፈልጋል። እሳቸው ዝርዝሩን ከፖስታው አውጥተው ስሜን በእጃቸው ጻፉ፤ ከዚያ «ማስገባት የእኔ ነው፣ ማለፍ የአንቺ ነው» ብለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ቸኩለዋል፣ ቁልፍ ይዘዋል። ጥያቄ የሚጠይቁኝ መጋዘኑን እያስጎበኙኝ ነው። ስንገባ ሲሚንቶው በባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቆልሎ፣ ጀርባውን እርጥበት ላወዛው ግድግዳ ሰጥቶ አየሁት። እሳቸው ስለ ልምዴ እየጠየቁኝ እኔ ጫኞቹን ጠራሁ። ከታች ጣውላ አስነጠፍኩ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅሁት፣ የቆየውን ወደ ፊት አስወጣሁ። ጥያቄው ሲያልቅ ግማሹ ተነስቷል።

«ማን እንድትሠሪ ነገረሽ?» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ማንም» አልኩ። «አያስፈልገኝም።»

አቶ ይልማ ከኋላዬ ሲስቁ ሰማኋቸው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀምሪ ተባልኩ። ሁለቱንም ክፍሎች ከፍተው አሳዩኝ፤ ትልቁ መስኮት ወደ ግቢው ዛፍ ነው የሚያየው። የጀንነት አልጋ በመስኮቱ በኩል ይሆናል።

ኡስታዝ የግቢው በር ላይ፣ ከጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ነገርኳቸው። «ኩዌስ» አሉ። ራክሻው እስኪመጣ አጠገባቸው ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ አልይዝም፣ ያመኛል።

«ኡስታዝ፣ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ።»

«ነግሬሻለሁ እኮ» አሉ፣ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ እያሽከረከሩ። «ጆንያውን አላየሽም? ከሰኞ ጀምሮ መጋዘኔ እንደዚያ ነው።»

ትጎድልብኛለች ማለታቸው ነው። እፈልጋታለሁ ሳይሆን ትጎድልብኛለች። ሰው ሥራ ልታስገባ በተጻፈች ደብዳቤ ላይ ይህን ማን ይጽፋል?

«ታዲያ ለምን ጻፉልኝ?» አልኳቸው። «አትሄጂም ማለት ይችሉ ነበር። ዝም ብለው ሊያዘገዩት ይችሉ ነበር።»

ከዘራቸውን ማሽከርከር አቆሙ። «በየጁምዓው ከሰላት በኋላ ከጆንያው ጀርባ ሆነሽ ስልክ ላይ ትጮሂያለሽ። ኔትወርኩ መጥፎ ነው። አማርኛ አልችልም፤ ምን እንደምትይም አላውቅ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ብሰማው እለየዋለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጀንነት ነው አይደል ስሟ? ደውዪላት።»

ስሟን ከእሳቸው አፍ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ነው። ራሷ አነሳችውና «እማ?» አለች። ጁምዓ አይደለምና ደንግጣለች።

ሁሉን ላወራላት አስቤ ነበር፤ ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ዛፉን። በኮንዮ ኮንዮ ማንም ዝም ያላሰኘኝን እኔን ቃል አጠረኝ። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» ትላለች ልጄ፣ እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ኡስታዝ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ለክፍል ተማሪ እንደሚናገሩት እያንዳንዱን ቃል ለያይተው፣ ጮክ ብለው አሏት።

«ጀንነት። ዩር ማዘር ዎንትስ ዩ።»

ከዚያ መለሱልኝ። ጀንነት ስድስተኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛ ከእኔ ትበልጣለች።

«እማ፣ ሰውየው እናትሽ ትፈልግሻለች አሉኝ» አለችኝ። «ለምንድን ነው የፈለግሽኝ?»

«ጎድለሽብኝ ነው» አልኳት።